ብራይተን ውረዱ፣ ባህሩ የሁሉም ነው

ሜልበርን በገባችሁ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚልካችሁ ወደ ፉትስክሬይ ነው። ልክ ነው፣ እንጀራውም ወሬውም እዚያ ነው። ግን አንድ ቅዳሜ ብራይተን ውረዱ።

ብራይተን ከመሀል ከተማ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ባህሩ ጥግ ላይ ነው። የሀብታም ሰፈር ስለሆነ ኪራዩ አይቀመስም፤ ቤት ፍለጋ እዚያ አትድከሙ። በፈረንጆቹ 1841 ሄንሪ ዴንዲ የሚባል እንግሊዛዊ 5,120 ኤከር መሬት፣ ኤከሩን በአንድ ፓውንድ ሒሳብ፣ ከመንግሥት ገዛ። መሬቱ የአገሩ ነባር ባለቤቶች የሆኑት የቡኑሮንግ ሕዝብ ነበር፤ እነሱን የጠየቀ የለም። ዴንዲ ሸንሽኖ ሊሸጠው ቢያስብም ገበያው ወዲያው ወደቀና ከሰረ፣ በ1881 ሲሞትም ድሃ ነበር። ሰፈሩ ግን ከእሱ በኋላ አደገ። በ1861 ባቡር ባህሩ ድረስ መጣለትና የከተማው ባለገንዘብ ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

ዛሬ ሰው የሚጎርፈው ዴንዲ ስትሪት ቢች ላይ የተደረደሩትን ባለቀለም የእንጨት ቤቶች ለማየት ነው። ከ80 በላይ ናቸው። ድሮ በዋና ልብስ መታየት ነውር ስለነበር፣ ለልብስ መቀየሪያ ተብለው ነው የተጀመሩት። መብራት የላቸውም፣ ውሃ የላቸውም፣ ማደርም ክልክል ነው። እንዲያም ሆኖ አንዷ ከ300 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተሸጣለች! ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይበቃም፣ የዚያው የቤይሳይድ ማዘጋጃ ቤት ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል።

ቤቶቹ የግል ናቸው፣ አሸዋውና ባህሩ ግን የሕዝብ ነው። ይህን አጥብቄ የምነግራችሁ፣ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ «እዚያ ማን ያስገባኛል» ብዬ ስለቀረሁ ነው። አጥር የለም፣ ዘበኛ የለም፣ መግቢያ አይከፈልም። ምሳችሁን ቋጥራችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሸዋው ላይ ነጠላችሁን አንጥፋችሁ ተቀመጡ።

ከፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ የሳንድሪንግሃምን ባቡር ያዙና ብራይተን ቢች ላይ ውረዱ፤ ከዚያ በባህሩ ዳር በእግር ትንሽ ነው። በመኪና ከሆነ የማቆሚያውን ምልክት በደንብ አንብቡ። ጥር ላይ ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ የፀሐይ ክሬም ተቀቡ፣ ሰኔ ላይ ከሆነ ጃኬት ያዙ። ዋና የማትችሉ ከጉልበት አትለፉ፣ ውሃው ረጋ ያለ ቢመስልም። ቀይና ቢጫ ባንዲራ ተተክሎ ካያችሁ ደግሞ በሁለቱ ባንዲራዎች መሀል ብቻ ግቡ፣ ሕይወት አዳኞቹ የሚጠብቁት እዚያ ነው።