የትኛው ፓኔል ይዘጋ? የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለሚሠሩ

በዴስክቶፕ ፕሮግራም ውስጥ ለየትኛው ፓኔል፣ ማለትም ለየትኛው የመስኮቱ ክፍል፣ የመዝጊያ ምልክት እንደሚሰጥ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው መጨረሻ ላይ፣ ሥራው ለደንበኛ ሊረከብ ሲል በጥድፊያ ነው። ጉዳዩ ግን ከንድፉ ጋር አብሮ ሊታሰብበት ይገባል፤ ፓኔል ዘግቶ መመለሻው የጠፋበት ሰው ፕሮግራሙ ተበላሸ ብሎ ስልክ ይደውላልና።

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ለሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ፕሮግራም ስሠራ ስክሪኑ ላይ አራት ፓኔሎች አስቀምጬ ነበር፦ የመድኃኒት መፈለጊያ፣ የሽያጭ ዝርዝር፣ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡ መድኃኒቶች ማሳያ እና የዕለቱ ሽያጭ ማጠቃለያ። አራቱም የሚዘጉ ነበሩ። ፋርማሲስቷ ሦስተኛው ፓኔል ቦታ ስላጣበበባት ዘጋችው፤ በማግስቱ ተረኛ የነበረው ባልደረባዋ ምንም ዝርዝር ስላላየ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት የለም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እርሱ የተዘጋውን ፓኔል ከባዶ ፓኔል የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፓኔል አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ቢጠፋ ተጠቃሚው መጉደሉን ያውቃል ወይ የሚለውን ነው። መፈለጊያው ቢዘጋ ሥራው ወዲያው ስለሚቆም ሰው ራሱ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ መመለሻው በሜኑ ላይ በግልጽ እስካለ ድረስ ቢዘጋ ችግር የለውም። የማስጠንቀቂያ ፓኔል ሲዘጋ ግን ሥራው ምንም እንዳልጎደለ ሆኖ ይቀጥላል። የዚህን ዓይነቱን መዝጋት ይከልክሉ፤ ቦታ ካጣበበ ወደ አንድ መስመር እንዲጠብ ያድርጉት፣ «5 መድኃኒቶች በ30 ቀን ውስጥ ጊዜያቸው ያልፋል» የሚለው ግን ምንጊዜም ይታይ። ያልተቀመጠ ጽሑፍ የያዘ ፓኔልም ሳይጠይቅ መዘጋት የለበትም። የሽያጭ ዝርዝሩ ከነጭራሹ ፓኔል ባይሆንና በመስኮቱ መሃል ቋሚ ቦታ ቢይዝ ይሻላል። የዕለቱ ማጠቃለያ ያለ አንዳች ገደብ ይዘጋ።

ክልከላን ማብዛትም በደል ነው። 1366 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ ረጃጅም የአማርኛ ስያሜዎች ያሏቸው ሦስት የማይዘጉ ፓኔሎች ቢደረደሩ ለዋናው ሥራ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ካልቻሉ ፓኔሉ የሚዘጋ ይሁን።

ኪውቲ (Qt) በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ የሚሠሩ ከሆነ፣ ዶክ ዊጄት የሚባለው የፓኔል ዓይነት ሲፈጠር መዘጋት፣ መንቀሳቀስ እና ከመስኮቱ ተነጥሎ መቆም ሦስቱም ተፈቅደውለት እንደሚመጣ ያስታውሱ፤ ካልከለከሉት ሁሉም ይዘጋል ማለት ነው። መዝጋት ፓኔሉን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ መልሶ ለማሳየትም እያንዳንዱ ፓኔል የራሱ የሆነ ዝግጁ የሜኑ ትዕዛዝ አለው። ይህን ትዕዛዝ «እይታ» በሚል ሜኑ ሥር በፓኔሉ የአማርኛ ርዕስ ያስገቡት።

ትልቁ ወጥመድ ያለው የመስኮቱ አቀማመጥ ተቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ በሚመለስበት ቦታ ላይ ነው። ተጠቃሚው በቀድሞው ስሪት የዘጋውን ፓኔል እርስዎ በአዲሱ ስሪት የማይዘጋ ቢያደርጉት፣ የተቀመጠው አቀማመጥ ሲመለስ ፓኔሉ እንደተሰወረ ይቀራል፤ መዝጋት ሲከለከል ደግሞ ያ የሜኑ ትዕዛዝ አብሮ ስለሚደበዝዝ ሰውየው የሚመልስበት መንገድ ያጣል። መፍትሔው አቀማመጡ ከተመለሰ በኋላ የማይዘጉትን ፓኔሎች በኮድ በግድ ማሳየት፣ ወይም አቀማመጡ ሲቀመጥ አብሮ የሚሰጠውን የስሪት ቁጥር ቀይሮ አሮጌው ተቀባይነት እንዳያገኝ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ፓኔልም የማይደገም መለያ ስም ይስጡ፤ ያለ እርሱ አቀማመጡ በትክክል አይመለስም።

ከማስረከብዎ በፊት የሚዘጋውን ሁሉ ዘግተው ከፕሮግራሙ ይውጡና እንደገና ይክፈቱት። ሙከራውን የቀድሞው ስሪት ተጭኖ በቆየበት ኮምፒውተር ላይ ያድርጉት፤ አዲስ በተጫነበት ላይ ይህ ችግር አይታይም።