«ይህቺንማ ከፊልም ነው የወሰዷት!» ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ዝነኛ የድሮ ፊልም ካያችሁ በኋላ በየሄዳችሁበት ይከተላችኋል። ካርቱን ውስጥ አለ፣ ማስታወቂያ ላይ አለ፣ ሚም ላይ አለ። በጣም ደስ ይላል። ግን ብዙዎቻችን የምንስታቸው ነገሮች አሉ።

ትልቁ ስህተት ቀድመን ያየነውን ሁሉ ምንጭ ማድረግ ነው። «ዘ አንተቸብልስ» (እ.ኤ.አ. 1987) ውስጥ በባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ተኩስ ሲከፈት የሕፃን ጋሪ ቁልቁል ይንከባለላል። ከዚያ በ1994 የወጣው የ«ኔክድ ገን» ኮሜዲ ይህንኑ ትዕይንት ይዞ ቀለደበት። ዋናው ግን የሶቪየቱ ዳይሬክተር የአይዘንስታይን ድምፅ አልባ ፊልም፣ የ1925ቱ «ባትልሺፕ ፖተምኪን» ነው። እዚያ የዛሩ ወታደሮች እየተኮሱ የኦዴሳን ደረጃ ሲወርዱ እናትየዋ ትመታለች፣ ጋሪውን ወደ ታች የሚለቀውም የራሷ አወዳደቅ ነው። እሱን ካያችሁ በኋላ ሁለቱን ብትደግሟቸው ሌላ ፊልም ነው የሚሆኑባችሁ።

ምንጩ ሁልጊዜ ፊልም ነው ማለትም ስህተት ነው። «ዘ ሻይኒንግ» (1980) ላይ ጃክ ኒኮልሰን በሩን በመጥረቢያ ፈልጦ ፊቱን በስንጥቁ አስገብቶ የሚጮኻት «ጆኒ መጣ!» የምትል አባባል የጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ሾው መክፈቻ ነበረች። አሜሪካዊ ተመልካች በየምሽቱ ይሰማት ነበር። የሚያስፈራውም ያ ነው፤ ሳሎን ውስጥ የለመዱት ሰላምታ ከገዳይ አፍ ሲወጣ። አሁን ግን ሾውን ረስተን ፊልሙን ብቻ እናውቃለን።

ንግግሩን ሳታጣሩ አትጥቀሱ። የ«ስታር ዋርስ» ክፉው ዳርዝ ቬደር «ሉክ፣ እኔ አባትህ ነኝ» አላለም። ወጣቱ ጀግና ሉክ ስለ መምህሩ ስለ ኦቢ-ዋን እያወራ «አባቴን እንደገደልከው ነግሮኛል» ሲለው ነው «አይደለም፣ እኔ ነኝ አባትህ» ብሎ የሚመልስለት። ያቺ «አይደለም» ከወጣች ክሱም መልሱም አብሮ ይጠፋል፣ እኔ በበኩሌ ዋናዋ ቃል እሷ ናት ባይ ነኝ።

ደግሞ አብሯችሁ የሚያየውን ሰው በየደቂቃው «አየሃት? አየሃት?» አትበሉት። ሲያልቅ ንገሩት።

የመጨረሻው በጣም የሚያናድደኝ ነው። ቀልዱን ስላወቅን ፊልሙን ያየነው ይመስለናል። የ«ሳይኮ»ን (1960) የሻወር ትዕይንት፣ ያንን የሚጮኽ ቫዮሊን የማያውቅ የለም። ግን ፊልሙ የሚጀምረው 40,000 ዶላር ሰርቃ በምትሸሽ ሴት ነው፤ ዝናብ ውስጥ ስትነዳ፣ ፖሊስ ሲጠረጥራት፣ መኪና ስትቀይር አብረናት እንጨነቃለን። ዋና ተዋናይዋ እሷ ናት ብለን ተረጋግተን ሳለ ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ይገድላታል። ቢላዋውን ሁሉም ይቀዳዋል፣ ስለ ገንዘቡ ግን ማንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምራችሁ፣ ስልክ አስቀምጣችሁ እዩት።