በዴንቨር የደጅ ሣርን ዓመቱን ሙሉ እንዴት መንከባከብ ይቻላል

ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ሣር የሚደርቀው በጁላይ ሐሩር ብቻ አይደለም። በጃንዋሪና በፌብሯሪ በውኃ ጥም የሚሞተውም ብዙ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ሌላው ሁሉ ሲለመልም ነው። ከተማው 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በዓመት የሚያገኘው ዝናብና የቀለጠ በረዶ ተደምሮ 15 ኢንች ያህል ነው። በየደጁ የሚበዛው ኬንታኪ ብሉግራስ የሚባለው የሣር ዓይነት ደግሞ ሥሩን በደንብ የሚሰደው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ስለዚህ ሥራውን ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጀምሩ እላለሁ።

1. መሬቱን ብሱ (ሴፕቴምበር)

የአካባቢው አፈር በአብዛኛው ጭቃ የሚበዛበት ነው፤ ሲረገጥ ይጠጥራል፣ ውኃም አያሰርግም። ካቻቪቴ ይዛችሁ መሬቱ ውስጥ ለመሰካት ሞክሩ። አልገባ ካለ ኤሬሽን፣ ማለትም አየርና ውኃ እንዲገባው መበሳት፣ ያስፈልገዋል። የምትከራዩት ማሽን አፈሩን እየቦረቦረ የሚያወጣ ይሁን፤ በሹል ብረት ብቻ የሚወጋው ጭራሽ ያጠብቀዋል። ከአንድ ቀን በፊት ውኃ አጠጡት፣ የስፕሪንክለሩን ራሶች ምልክት አድርጉባቸው። ተቦርቡሮ የወጣውን አፈር አትልቀሙት፣ ፈርሶ ይመለሳል።

ራሰ በራ የሆነ ቦታ ካለ ወዲያው ዘር ዝሩበት። እስኪበቅል ድረስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እያጠጣችሁ አርጥቡት። ብሉግራስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ።

2. ማዳበሪያ ስጡ

በዓመት አንዴ ብቻ የምትሰጡ ከሆነ ጊዜው ይኸው ሴፕቴምበር ነው። ለ1,000 ስኩዌር ፉት አንድ ፓውንድ ናይትሮጅን ይበቃል። ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው የናይትሮጅኑ መቶኛ ነው፤ 100ን ለእሱ አካፍሉ። ቁጥሩ 25 ከሆነ አራት ፓውንድ ትበትናላችሁ ማለት ነው። አስፋልት ላይ የፈሰሰውን ጠርጋችሁ ወደ ሣሩ መልሱ፣ አለዚያ ጎርፍ ወደ ወንዝ ይወስደዋል።

3. በብርዱ ወራት አጠጡ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ኦክቶበር ላይ የስፕሪንክለሩ ቧንቧ በአየር ግፊት ተነፍቶ ባዶ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሣሩ እስከ ጸደይ ይረሳል። በረዶ ሳይጥል ሦስት አራት ሳምንት ካለፈ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ የሆነበትን ቀን ጠብቁና እኩለ ቀን ላይ በጎማ አጠጡ፤ ሌሊት ከመቀዝቀዙ በፊት ይሰርጋል። ቀድሞ የሚጎዳው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያይ ተዳፋት ስለሆነ፣ ሁሉን ማዳረስ ባትችሉ እንኳ እሱን አድርሱለት። ስትጨርሱ ጎማውን ከቧንቧው ንቀሉት። ተሰክቶ ካደረ ውስጡ የቀረው ውኃ ይረጋና የግድግዳውን ቧንቧ ያፈነዳል።

4. ጸደይ

እዚህ ብዙ ሥራ የለም። የደረቀውን ቅጠል አንሱ። ስፕሪንክለሩን ለመክፈት አትጣደፉ፤ ሜይ ላይም በረዶ ሊጥል ይችላል።

5. ሰመር

ውኃ ቶሎ ቶሎ ከመርጨት አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ጭቃማ አፈር ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ 15 ደቂቃውን በአንዴ ከማፍሰስ አምስት አምስት ደቂቃ አድርጋችሁ በመካከሉ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፉት፤ ያኔ ወደ መንገድ አይፈስም። ባዶ የቱና ቆርቆሮዎች ሣሩ ላይ በትኑና ስንት ውኃ እንደገባባቸው እዩ፤ የትኛው ጥግ እንደሚጠማ ወዲያው ይታወቃል። የከተማው የውኃ ድርጅት የዴንቨር ዋተር የሰመር ደንብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማጠጣት ይከለክላል፤ በድርቅ ዓመት ሊጠብቅ ስለሚችል የየከተማችሁን ደንብ አረጋግጡ።

ሲጠማው ሣሩ ራሱ ይናገራል፦ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፣ የረገጣችሁበት ዱካም ቶሎ አይነሣም።

ስታጭዱ ከሦስት ኢንች አታሳጥሩት፤ ረጅም ሣር አፈሩን ያጠላል፣ አረምም ያፍናል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ፤ የታጨደውንም እዚያው ተዉት፣ ማዳበሪያ ይሆናል። የማጨጃውን ምላጭ አስሉ። የደነዘ ምላጭ ሣሩን ይቦጭቀዋል፣ ጫፉም ነጣ ብሎ ይደርቃል።