ባሕር ዳርን በብስክሌት ለመጎብኘት

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከዳንግላ ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚገባ ጎብኝ ባጃጅ በኮንትራት ይዞ መዞሩ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር የመራው ቡድን ባዘጋጀው ማስተር ፕላን የተዘረጉት ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ በሜዳማው የጣና ዳርቻ ላይ የሚገኙ ስለሆነ፣ ለብስክሌት እጅግ ይመቻሉ። ዳገት የሚባለው አንድ ኮረብታ ብቻ ነው፤ የቀኑ ዕቅድም በእሱ፣ በፀሐይና ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በሚነሣው ነፋስ መሠረት መውጣት አለበት።

ብስክሌት ከመከራየትዎ በፊት የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ለየብቻ ይዘው ይሞክሩ፤ አንዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ይምረጡ። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ እግርዎ ሊዘረጋ ጥቂት ብቻ የሚቀረው መሆን ይገባዋል፤ ኮርቻው ዝቅ ያለ ከሆነ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ጉልበትዎ ይዝላል። የሰዓቱን ኪራይ፣ በመያዣነት የሚሰጡትን መታወቂያና ጎማ ቢፈነዳ የጎሚስታውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። ይህ የመጨረሻው ሳይነገር ቀርቶ በኋላ ለጭቅጭቅ የሚዳርግ ነገር ነው። ቁልፍ ያለው ሰንሰለትም ይጠይቁ።

ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ በቀጥታ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ማምራት ይሻላል። ብዙዎች ይህን ለማምሻ ያቆዩታል፤ በእኔ አስተያየት ግን የደከመ እግርና የቀትር ሙቀት ለዳገቱ አይሆኑም፣ ማምሻ ላይ ደግሞ መብራት በሌለው ብስክሌት ቁልቁል መውረድ አደገኛ ነው። መግፋት ካስፈለገ ወርዶ መግፋት ምንም ነውር የለበትም። ከላይ ዓባይ በአረንጓዴው መካከል ተጠማዝዞ ሲወርድ ይታያል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለው በዚሁ ኮረብታ ላይ ስለሆነና ቦታው ጥበቃ ስላለው፣ ጠባቂዎችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ። ሲወርዱ ሁለቱንም ፍሬን እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይያዙ እንጂ የፊቱን ብቻ አጥብቀው አይጨብጡ።

ቀጥሎ ወደ ዓባይ ድልድይ ይሂዱ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መተላለፊያ ስላለው ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት አይኖርም። ዓባይ ከጣና የሚወጣው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ በቀድሞው የግዛት አከፋፈል ወንዙ የጎጃምና የበጌምድር ወሰን ስለነበር፣ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ጎጃምን ለቅቆ ወጣ ማለት ነው። በድልድዩ አካባቢ የሚገኘውን የሰማዕታት ሐውልትም ሳያዩ አይመለሱ። በወንዙ መውጫ ዙሪያ ጉማሬ ስላለ፣ በተለይ ወደ ማታ፣ ብስክሌቱን ይዘው በሣሩ ውስጥ ወደ ውኃው ዳር አይጠጉ።

ከድልድዩ ሲመለሱ ዘንባባ በተተከለባቸው ጎዳናዎች አድርገው ወደ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ያቅኑ። ቅጥሩ በር ላይ ከብስክሌት ወርደው፣ አስረው፣ በእግር ይግቡ፤ ቅዳሴ ካለ እስኪያልቅ መቆየት ወግ ነው። በግቢው ውስጥ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ግንብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኢየሱሳዊው ካህን በፔድሮ ፓኤዝ የተሠራ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ የሐይቁ ዳር ቅርብ ስለሆነ፣ ቀትሩን በጥላ ሥር ዓሣ እየበሉና በደንገል የተሠሩ ታንኳዎችን እያዩ ማሳለፍ ይቻላል። የደሴቶቹን ገዳማት ማየት የሚፈልግ ግን ለሌላ ቀን ጠዋት ጀልባ ይያዝ፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይነሣል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡበትም አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ገበያው፣ በተለይ ቅዳሜ፣ በብስክሌት የሚገባበት አይደለም፤ ውጭ አስረው በእግር ይዙሩ። በዋና ጎዳና ላይ ዋናው ሥጋት ሰው ለመጫን ድንገት ወደ ዳር የሚታጠፍ ባጃጅ ስለሆነ፣ ከኋላው ራቅ ብለው ይንዱ።

30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በዚያው ቀን ለመጨመር መሞከር ግን አይመከርም። ብስክሌቱን መልሰው፣ የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቀው፣ በማግሥቱ በመኪና ይሂዱ። በበጋ አብዛኛው ውኃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው።