ለእንጨት ምርት በሚለማ ደን ውስጥ ለብዝኃ ሕይወት ወሳኝ የሆኑ ቦታዎችን መለየት

ለእንጨት ምርት በሚለማ ደን ውስጥ ዛፎቹ ብዙውን ጊዜ በዕድሜም በዝርያም ስለሚመሳሰሉ፣ ብዙዎቹ የደን ነዋሪ ፍጥረታት የሚጠለሉት መጋዝ ባልደረሰባቸው ወይም እምብዛም ባልነካቸው ትንንሽ ቦታዎች ነው። እነዚህን ቦታዎች ለማግኘት ብርቅዬ ዝርያ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ እንጉዳይና ጥንዚዛ ወቅት ጠብቀው ብቅ ብለው ይሰወራሉ፣ ያረጀ ዛፍና የወደቀ ግንድ ግን ዓመቱን ሙሉ ከቦታቸው አይጠፉም።

ወደ ደኑ ከመግባት በፊት የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታን፣ የአየር ፎቶግራፎችንና የቀድሞውን የቆረጣ መዝገብ ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ገደላማ፣ ድንጋያማና ረግረጋማ በመሆናቸው ለሥራ ያስቸገሩ ቦታዎች እንዲሁም በድሮውም በአሁኑም ፎቶግራፍ በዛፍ ተሸፍነው የሚታዩ ሥፍራዎች በቅድሚያ ይጎበኛሉ።

በደኑ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የሞተ እንጨት ነው። የቆመ ደረቅ ዛፍና የወደቀ ግንድ የሚያስተናግዷቸው ፍጥረታት ይለያያሉ፤ ወፍራም ግንድም ከቀጭኑ ይልቅ እርጥበት ይዞ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የበለጠ ዋጋ አለው። ግንዱን በቢላዋ ጫፍ መውጋት ቀላል መለኪያ ነው፦ ቅርፊቱ ገና ያልለቀቀና ቢላዋ የማያስገባ ከሆነ በቅርብ የሞተ ነው፤ ቢላዋው በቀላሉ ከሰመጠ፣ በላዩም ችግኝ ከበቀለ መበስበሱ ገፍቷል። ሁሉም የመበስበስ ደረጃዎች በአንድ ቦታ ከተገኙ፣ እንጨት ሲሞትና ሲተካ የኖረው ለረጅም ዘመን ነው ማለት ይቻላል። የወደቀ ግንድ ተለቅሞ የጸዳ ደን ብዙ ጊዜ በጥሩ አያያዝ ይመሰገናል፤ ለዚህ ሥራ ግን እንዲህ ያለው ንጽሕና ጉድለት ነው።

ያረጁ ዛፎች ግርጌ የተከመረ የእንጨት ብናኝ፣ በግንዳቸው ላይ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለው ቀዳዳ፣ እንደ መደርደሪያ የወጣ እንጉዳይ የውስጥ ክፍተት ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ክፍተት እስኪፈጠር አሥርት ዓመታት ስለሚወስድ፣ ዛፉ ከተቆረጠ አዲስ ችግኝ ቶሎ አይተካውም።

ምንጮችና የጅረት ዳርቻዎች በጥላቸው ምክንያት ከአካባቢው ይልቅ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይይዛሉ። ውሃቸው ዘላቂ መሆኑን ለማረጋገጥ በደረቁ ወቅት ተመልሶ መጎብኘት ተገቢ ነው።

በዝግታ የሚያድጉ ሊከኖች፣ ማለትም ፈንገስና አልጌ ተጣምረው በዛፍ ቅርፊትና በድንጋይ ላይ የሚፈጥሯቸው ሽፋኖች፣ ቦታው ለረጅም ጊዜ እምብዛም ሳይነካ ለመቆየቱ ደጋፊ ማስረጃ ይሆናሉ፤ ነገር ግን የአንድ ዝርያ መገኘት ብቻውን አያስተማምንም፣ አለመገኘቱም ቦታው ዋጋ ቢስ መሆኑን አያሳይም።

በመጨረሻም ቦታው በጂፒኤስ ይመዘገባል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የታዩት ምልክቶችም ከነቀናቸው ይጻፋሉ። ወሰኑ በመጨረሻው አሮጌ ዛፍ ሥር መሰመር የለበትም፤ ዙሪያው ሲመነጠር ፀሐይና ነፋስ ወደ ውስጥ ዘልቀው እርጥበቱን ስለሚያደርቁ፣ መከላከያ የሚሆን የዛፍ ቀበቶ ተጨምሮ ምልክቱ ቆራጮቹ ከመግባታቸው በፊት በዛፎቹ ላይ ይደረጋል።