አራስ ደረቷን ሲያማት «ብርድ ነው» አትበሉ

ሐዋሳ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ስህተት ይሄ ነው። አራሷ ደረቴን ወጋኝ ትላለች፤ ብርድ ነው። ክንዴን ያዘኝ ትላለች፤ መስኮት ተከፍቶ ነው። ጋቢ ይደረብላታል፣ ትኩስ አጥሚት ይቀርብላታል፣ በዚህ መሀል ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። እኔን የሚያስፈሩኝ እነዚያ ቀናት ናቸው። ከወሊድ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት፣ የእናት ደም ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ይረጋል። እግር ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከገባ ድንገት ትንፋሽ ያጥራል፣ አየር ሲስቡ ደረት ይወጋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ደም ያለው አክታ ይመጣል። በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ይበልጥ ትጋለጣለች። ይሄ በጋቢ አይመለስም። ሐኪም ቤት የሚኬደው ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ነው።

ሌላው ስህተት ያበጠ እግር ማሸት ነው። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ባቷ ከሞቀና ካመማት ወገሻ አይንካት፣ በቅቤም አትታሽ። አንዲት እናት ሲያመጧት ባቷ ገና በቅቤ ይንሸራተት ነበር። ማታ ማታ ሲያሿት ነበር የሰነበቱት፤ ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን የረጋ ደም ሲታሽ ሊነቀል ይችላል። ስሟን ስጠይቃት ከነአባቷ ስም በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቃታት። ኦክስጅን ተሰጣት፣ ደም ማቅጠኛ ተጀመረላት፣ ተረፈች።

አርባ ቀን ሙሉ ከአልጋ አለመነሳትም ስህተት ነው። ትረፍ፣ ትታረስ፣ ግን ደሟ እንዳይረጋ በየቀኑ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል።

«ወጣት ናት፣ ልብ አያማትም» ማለትም ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ ባይሆንም ያማታል። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ያለው ሕመም የጨጓራ መድኃኒት ተውጦ የሚጠበቅ አይደለም። ሌላም አለ። ከወሊድ በኋላ እስከ 5 ወር ድረስ የልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል። ይሄኛው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ያታልላል። ማታ ያስላታል፣ በጀርባዋ መተኛት ያቅታታል፣ ትራስ በትራስ ላይ ደርባ ግድግዳ ተደግፋ ታነጋለች፣ ሁለቱም እግሮቿ ያብጣሉ። ቤተሰብ ግን ጉንፋን ነው፣ ሕፃኑ እንቅልፍ ነስቷት ነው ይላል። እባካችሁ ትራሶቹን ቁጠሩ። ሁልጊዜ በአንድ ትራስ የምትተኛ ሴት ሦስት ከፈለገች ምርመራ ያስፈልጋታል።

ሁሉንም ሕመም ደግሞ ሞት አድርጎ ማየት አይገባም። ጎንበስ ብሎ ማጥባትና ሕፃኑን በአንድ ክንድ ተሸክሞ መዋል ትከሻን፣ ክንድንና የደረት ጡንቻን ያሳምማል። ይሄኛው ክንድ ሲንቀሳቀስ ወይም ቦታው ሲጫን ይብሳል፣ ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል። ጀርባሽን ደግፊ፣ ሕፃኑን በትራስ ከፍ አድርጊው። የትንፋሽ ማጠር ካለበት ግን ጡንቻ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ።

ጡት ቀልቶና ሞቆ ትኩሳት ሲመጣ ማጥባት ማቆምም ስህተት ነው። ሲያቆሙት ወተቱ ይጠራቀምና ይብሳል። አጥቢ፣ ጤና ጣቢያም ሂጂ።

የመጨረሻው፣ ሐኪም ቤት ደርሶ መውለድን አለመናገር። ካርድ ክፍል «ደረቴን» ብላ ብቻ ወረፋ የምትይዝ አለች። ገና ስትገቢ «ከወለድኩ ይሄን ያህል ሳምንቴ ነው» በይ፤ ባልሽ ወይም እናትሽም ደጋግመው ይናገሩልሽ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ደም ካሳለሽ 907 ይደወል። አምቡላንሱ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይያዝ፣ ብቻ ማንም ብቻሽን እንዳይልክሽ።