ከማሳዬ የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ እንዴት እንዳስቆምኩት

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ከማሳዬ የሚወርደው ውኃ ደም ይመስል ነበር። አፈራችን ቀይ ነው። ወንዙ ይዞት ወርዶ ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይከተዋል። አፈሩ ብቻውን አይሄድም፤ ፎስፈረስም ይዞ ይሄዳል። እሱ ደግሞ አልጌን ይመግባል፣ ሐይቁን ያበላሻል። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኝ ነበር።

ውኃው ቶሎ ይውረድልኝ ብዬ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ቦይ ቆፍሬ ነበር። ትልቅ ስህተት! በአንድ ክረምት ቦረቦር ሆነ።

ከዚያ በሁለት እኩል እንጨትና በ10 ሜትር ገመድ፣ መሃሉ ላይ ውኃ ልክ አንጠልጥዬ፣ ተዳፋቱ ላይ ከፍታው እኩል የሆነ አግድም መስመር ለካሁ። ይህን ሥራ በችኮላ እንዳታልፉት። መስመሩ ካዘነበለ ውኃው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ይሰብረዋል። ሰኔ ላይ በመስመሩ ቬቲቨር ሣር ተከልኩ፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሦስት ሦስት ግንጣይ። መራራቅ የለበትም፣ ውኃው በክፍተቱ ይሾልካል። ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ ቡናዬንም ብዙ አይሻማም።

ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዘጋሁት። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ የክትሩን መሃል ከጎኖቹ ዝቅ ማድረግ ነው። አለዚያ ውኃው በጎን ዞሮ ዳርቻውን ይበላዋል።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ከዶፍ ዝናብ በኋላ፣ ከማሳው ግርጌ በሃይላንድ ውኃ ቀድቼ አሳደርኩት። ጠዋት ከሥሩ የተቀመጠው ደለል ስስ ነበር። ደስ አለኝ! ክትሩ አንድ ቦታ ላይ ገና ይፈርሳል፤ እዚያ ዝሆኔ ሣር ልተክል ነው።